የአባቴ ጨው

አባቴ ከደጋ ወርዶ ቆላ ኮኪት አጠገብ ሰሊጥ ሲያጭድ በኖረባቸው ዓመታት የጨው ጓል ከኪሱ አይጠፋም ነበር። አጫጆች ሁሉ እንደዚያ ናቸው። ላባቸው ሲንጠፈጠፍ ጓሏን ይልሱና ውኃ ይጠጡባታል። ያልላሰ ሰው እግሩ ተሳስሮ ካጨደው ነዶ ላይ ይወድቃል።

ደርግ መጥቶ ገበሬ ማኅበር ሲቋቋም አባቴን ጠመንጃ አስታጥቀው የማኅበሩ እስር ቤት ጠባቂ አደረጉት። ማጭዱን ሰቀለ። ከዚያ ወዲህ በሩ ላይ በርጩማ ይዞ ይውላል፤ አመሻሹ ላይ አረቄ ይጠጣል። ለውትድርና የታፈሱ ልጆች ከውስጥ ሲገረፉ ይሰማል፤ አንዳንዴም ገራፊው እሱ ነው። ጨዉን ግን እንደ አጫጅነቱ ዘመን ይልሳል።

ራሱን እያዞረው አፍንጫው እየደማ ሲያስቸግረው፣ እናቴና እኔ ትልቋ ልጁ ገንዳ ውሃ ከተማ ጤና ጣቢያ ወሰድነው። ጤና ረዳቱ ክንዱን ጠቅልሎ ለካውና ፊቱ ተለወጠ።

"ጋሼ፣ ደም ብዛት ነው። ድሮ ጨዉን ላብዎ ያወጣልዎት ነበር፤ አሁን ቁጭ ብለው ነው የሚውሉት። ጨው ይተዉ። አረቄም፣ ንዴትም ይተዉ። አለዚያ አንድ ቀን ይጥልዎታል።"

"ንዴት?" አባቴ ሳቀ። "ሥራዬ እኮ እሱ ነው! እስቲ ላለቆቼ ንገርልኝ።"

እናቴ ግን ነገሩን ያዘች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያለ ጨው ታበስል ጀመር። መጀመሪያ ቀን ቀመሰና ወጡን ከነሳህኑ ፊቷ ላይ ደፋው። በሌላ ቀን በርጩማ ወርውሮ የፊት ጥርሷን አወለቀው።

እኔ ዓይናፋር ነኝ። ስድስተኛ ክፍል ላይ ትምህርቴን እስካቋርጥ ድረስ መምህር ሲጠይቀኝ የማውቀውን እንኳ አልመልስም ነበር። ሲመታት ከጎተራው ኋላ ገብቼ እቆማለሁ።

አሮጊቷ ጎረቤታችን እናቴን ተቆጧት። "አንቺ ሰው፣ ምን አገባሽ? ጨምሪለትና ይብላ! እሱ ሳይሞት አንቺን ሊገድልሽ ነው።"

እናቴ ያበጠ ከንፈሯን ይዛ፣ "እሱ ከሞተ እነዚህን ልጆች በምን አሳድጋለሁ? ጥርስ እንደሆን ሌላም አለኝ" አለቻቸው።

አንድ ቀን ከአጨዳ ላይ የታፈሱ የወሎ ልጆች ወደ እስር ቤቱ መጡ። አንዱ ሊያመልጥ ሲሮጥ አባቴ በሰደፍ አናቱን መትቶ ጣለው። ቤት ሲገባ የልጁ ደም ሱሪው ላይ ነበር። እናቴ ገንፎ አቀረበችለት። ቀመሰ።

"ዛሬም?"

"ዛሬም" አለችው።

ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ። ከጎተራው ኋላ እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም፤ መሃላቸው ገባሁ።

"አባባ፣ ይተዉ! እንዲኖሩላት ብላ እኮ ነው!"

"ዞር በይ!" ብሎ በግራ እጁ ገፍትሮ ከግድግዳው አላተመኝ። ሰደፉ እናቴ ትከሻ ላይ አረፈ። ሊደግማት ሲያነሳ ቀኝ እጁ ዛለ። ጠመንጃው ወደቀ፤ የአባቴ አፍ ወደ ጎን ተጣመመ፤ ከዚያ ራሱም ተዘረጋ።

ሰሊጥ በጫነ መኪና ጎንደር አድርሰነው ተረፈ። ቀኝ ጎኑና ንግግሩ ግን አልተመለሱም። ጠመንጃውን ማኅበሩ ለሌላ ሰው ሰጠው።

ቤት በገባ ማግስት እናቴ ጨው የሌለው ገንፎ ይዛ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። በደህና እጁ መትቶ በተነው። ሄዳ ሌላ ሞልታ መጣች። እንደገና እጁን ሲያነሳ አንጓውን ያዘችው። ታገላት፤ አልለቀቀችውም።

"ብላ" አለችው።

በላ።