ገብስማዋ ዶሮ

ሎምባርዳ የሞተችው ወይን በሚለቀምበት ሰሞን ነው። ለቀብሯ የወጣነው እኔ ሳውሪና፣ ባሌ ቪታልና ልጄ ብሩና ብቻ ነበርን። ቄሱም ቸኩሎ ስለነበር ጸሎቱን ግማሹን ዋጠው። በመንደራችን በሮካፌል ሰው ሲሞት እንዲህ አይደረግም። ለሰካራምም ለሌባም ቢሆን መንደሩ ሥራውን ትቶ ይወጣል። ለእሷ ግን አልወጣም። ነገሩን ያላዩ ወጣቶች ምክንያቱን ይጠይቁኛል፤ ደጋግሜ ማውራት ስለሰለቸኝ አንዴ ልጻፈውና ልረፍ።

ሎምባርዳ የቆላ ሸማኔ ልጅ ነበረች። የፈረንሳይ ንጉሥ ሰዎች ወደ አገራችን ሲዘምቱ ባሏ ሞተባት፤ እሷም ከደጋጎቹ ጋር ተቀላቀለች። ደጋጎቹ የምንላቸው የሮም ካህናት መናፍቃን የሚሏቸውን ነው። ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት አይቀምሱም፣ አይዋሹም፣ ደም ያለውን ነገር አይገድሉም። ሞንሴጉር ተራራ ላይ ብዙዎቹ በአንድ ቀን ሲቃጠሉ የተረፉት በየመንደሩ ተበተኑ። እሷም አንድ ጥቅልና አንድ እንዝርት ይዛ ከእኛ ቤት ደረሰች።

ለጠየቀን ሁሉ የቪታል አክስት ናት እንል ነበር። እሷ መዋሸት ስለማትችል ውሸቱ የእኛ ድርሻ ሆነ። ሰው «የቪታል አክስት ነሽ?» ሲላት «እንደዚያ ይሉኛል» ብላ ፈትሏን ትቀጥላለች።

ቀን ቀን የመንደሩን ሱፍ ትፈትላለች። ሰው ሊሞት ሲያጣጥር ደግሞ ቀስ ብለው ይጠሯታል። የወንጌል መጽሐፏን በራሱ ላይ አድርጋ፣ እጇን ጭና ትጸልይለታለች። መጽናናት የምንለው ይህ ነው። ያን ያገኘ ነፍስ ወደ ሌላ ሥጋ አይመለስም፤ ንጹሕ ሆኖ ይሄዳል። እናቴን ጋውዚያን ያጽናናቻት እሷ ናት። እናቴ ከዚያ በኋላ ከውኃ በቀር ምንም አልቀመሰችም፤ ስትሞት ፊቷ የልጅ ፊት ሆኖ ነበር። የጎረቤቴ የመንጋርዳ አንድያ ልጅ ጋያርድም ግንድ ወድቆበት ሲሞት በሎምባርዳ እጅ ነው የሄደው። በመንደራችን በእጇ ሰው ያልሸኘችለት ቤት ጥቂት ነው።

ሁላችንም ግን አንድ ነገር እናውቃለን። የሚያጽናናው ሰው እስከ መጨረሻው ንጹሕ ሆኖ መቆየት አለበት። እጁ ደም ካፈሰሰ፣ ሥጋ ከበላ፣ እሱ ብቻ አይደለም የሚወድቀው። ከእሱ መጽናናትን የተቀበሉ ሙታን ሁሉ፣ ከላይ እንደተበጠሰ ገመድ፣ አብረውት ይወርዳሉ።

መከራው የመጣው በጥንቸል ነው። ምስለኔው አዜማር ከጫካው ጥግ ወጥመድ ያጠምድ ነበር። አንድ ቀን ሎምባርዳ እንጨት ልትለቅም ወጥታ ጥንቸል በሕይወቷ ተይዛ አገኘች። ፈታቻት። ነገር ግን የሰው ንብረት ነበረች፤ ዝም ብሎ መውሰድ ስርቆት ሆነባት። ስለዚህ የፈተለችውን አንድ ልቃቂት ክር ወጥመዱ ውስጥ ትታ መጣች።

አዜማር ክፉ ሰው አይደለም፤ አፉ ነው የማያርፈው። መሸታ ቤት ገብቶ ልቃቂቱን እያወዛወዘ «ስሙኝማ! ጥንቸሏ ሱፍ ፈትላ፣ ዋጋዋን ከፍላኝ ሄደች!» አለ። ክረምቱን ሙሉ በዚያ ተሳቀ። ጨው የሚያመላልሱ ነጋዴዎችም ሰምተው ሳቁና ወሬውን ወደ ከተማ ይዘውት ወረዱ። ከተማ ያሉት፣ መናፍቃንን የሚመረምሩት መነኮሳት ግን አልሳቁም። እነሱ አውሬ ፈትቶ ዋጋ የሚተው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ያውቃሉ።

ፋሲካ እንዳለፈ መጡ። ሁለት መነኮሳት፣ በነጭ ቀሚስ ላይ ጥቁር ካባ የደረቡ፣ ከጸሐፊና ከወታደሮች ጋር። መውጫ መንገዱን ሁሉ ዘግተው መንደሩ በሙሉ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ እንዲሰበሰብ አዘዙ።

ሎምባርዳ ጠጉሯን እያበጠረች ነበር። ቪታል በሩ ላይ ወዲያ ወዲህ ይላል።

«በጓሮ በኩል እንሞክር፣ እትዬ።»

«እኔ ብሄድ እናንተን ነው የሚይዙት» አለች።

መንጋርዳ ሳታንኳኳ ገባች። የሎምባርዳን እጅ በሁለት እጇ ያዘች። «በርቺ፣ የኔ እመቤት። እሳቱ ለአፍታ ነው ይላሉ።»

«ለእሷ ለአፍታ ነው» አለ ቪታል። «ለእኔ ግን፣ ስለደበቅኋት፣ ግንብ ውስጥ ተዘግቶብኝ እስክሞት ነው። ይህን ቤት ደግሞ ድንጋይ በድንጋይ ላይ አይተዉትም። ሳውሪናና ልጂቱ የት ይግቡ? አንቺ ቤት?»

«ነፍስ ከቤት ይበልጣል!»

«የሰው ቤት ሲሆን፣ አዎ።»

ሎምባርዳ ማበጠሪያዋን አስቀመጠች። «ተዉ፣ አትጣሉ። እንሂድ፤ ያረፈደ ሰው ይጠረጠራል።»

ረዥሙ መነኩሴ ከቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ላይ ወንበር አስወጥቶ ተቀምጧል። ጉንፋን ይዞት አፍንጫውን ይጠርጋል። ክፉ ፊት አልነበረውም። አጠገቡ የቆመው አጭሩ ግን ከእኛ ላይ ዓይኑን አልነቀለም። ረዥሙ የክሩን ልቃቂት ከፍ አድርጎ አሳየን።

«ይህ የማን ነው?»

አዜማር መሬት መሬት ያያል።

«የእኔ ነው፣ አባቴ» አለች ሎምባርዳ።

«ወጥመድ ውስጥ ምን ሊሠራ ገባ?»

«ጥንቸሏ አሳዘነችኝና ፈታኋት። የሰው ስለነበረች ደግሞ ባዶውን መተው ከበደኝ።»

አንዳንዱ ሳቀ። ሳቁ ግን ቶሎ ሞተ።

«ከእነዚያ ደጋጎች ከሚሏቸው ነሽ ይባላል።»

«ደግ ብሆን ደስ ባለኝ፣ አባቴ። ገና ነኝ።»

መነኩሴው ፈገግ አለ። አጭሩ ጎንበስ ብሎ በጆሮው አንድ ነገር ነገረው። እሱ ግን እጁን አወዛወዘ። «መሐላ ይቅርብኝ። በዚህ አገር መሐላ እንደ ውኃ ነው የሚጠጡት። እርቦኛል፤ ዶሮ ይሻለኛል።»

ለቤተ ክርስቲያኑ የሚቀርበው የእኛ ግቢ ነው። አንድ ወታደር ገባና የእኔን ገብስማ ዶሮ ክንፏን ይዞ አመጣት።

«እንግዶችሽ ነን፣ እማማ» አለ መነኩሴው ወደ ሎምባርዳ ዞሮ። «አንገቷን ጠምዝዢና ምሳ ሥሪልን።»

ለሌላ ሰው ይህ ተራ የሴት ሥራ ነው፤ እኔ ራሴ እያወራሁ የማደርገው። ለእሷ ግን እምቢ ማለት እሳት ነው፤ ለእኛም ግንብና ፍርስራሽ። እሺ ማለት ደግሞ እናቴ ናት፣ ጋያርድ ነው፣ የመንደሩ ሙታን ናቸው። መንጋርዳ ከኋላዬ ክንዴን ጨምድዳ ይዛለች፤ ጥፍሯ ይሰማኛል። «እንዳታደርገው» ትላለች በትንፋሿ። «ልጄን እንዳታወርድብኝ።» በሌላው ጎኔ ቪታል ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ «አድርጊው። በእናትሽ፣ አድርጊው» ይላል። እኔ ምን እንደለመንኩ አላውቅም። ሁለቱንም ይመስለኛል።

ሎምባርዳ ዶሮዋን ተቀበለች። ዶሮዋም የምታበላትን ሰው ስለምታውቅ በብብቷ ሥር ተወትፋ ጸጥ አለች።

«ሳውሪና፣ ይቺ እንቁላል ጣይ ናት አይደል?»

«አዎ፣ እትዬ። በደንብ ትጥላለች።»

«ጣይ ዶሮ መግደል ብክነት ነው፣ አባቴ። ለአንድ ምሳ ብለው የልጅ ቁርስ ይጨርሳሉ።»

ሴቶቹ «እውነቷን ነው!» አሉ፤ ከኋላ የሳቀም አለ። ረዥሙም ሳቀና አሳለው። «እውነትሽን ነው። አውራ ዶሮ ይፈለግ…» ብሎ ጀመረ። ተስፋ አደረግሁ። አውራ ዶሮ እስኪያዝ አንድ ነገር ይፈጠራል፤ ዝናብ ይመጣል፣ ረኃቡ ያልፍለታል ብዬ ነው።

«አይሆንም» አለ አጭሩ። «ይቺው። አሁን።»

ረዥሙ ትከሻውን ነቀነቀና አፍንጫውን ጠረገ።

ሎምባርዳ ቆመች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። አንድ ወታደር ወደ ጎኗ ተጠጋ። ያን ጊዜ ትንሿ ብሩና ዶሮዋ ምን ልትሆን እንደሆነ ገባትና «ገብስማዬን! እናቴ፣ ገብስማዬን!» ብላ ማልቀስ ጀመረች። ሎምባርዳ አየቻት። እያየቻት ቆየች። ከዚያ ቪታልን፣ ከእሱ ጀርባ የቤታችንን ጣራ አየች።

«አታልቅሺ፣ የኔ ልጅ። ዙሪ፣ ወደዚያ እዪ» አለቻት፤ የዶሮዋንም አንገት ጠመዘዘች።

እጇ ግን ሥራውን ረስቶት ነበር። ዶሮዋ አልሞተችም፤ አንገቷ ተጣሞ ክንፏን ታራግባለች፣ ላባዋ ይበተናል። አጭሩ መነኩሴ አንድ ደረጃ ወረደ። «በዚህ ዕድሜሽ ዶሮ መግደል አታውቂም?»

«ሪህ ነው፣ አባቴ!» ብሎ ጮኸ አዜማር፤ ላቡ ይወርዳል። «ክረምቱን ሙሉ ጣቷ አልታጠፍ ብሎ ሚስቴ ናት ስታሽላት የከረመችው! ልቃቂቱንም ቢያዩት እኮ፣ ፈትሉ ጎርበጥባጣ ነው!»

ሎምባርዳ አዎም አይደለምም አላለች። ዓይኗን ጨፍና ደግማ ሳበች። ድምፁን ሰማነው። መንጋርዳ ክንዴን ለቀቀች፤ ከሆዷ የወጣው ድምፅ በበትር የተመታ ሰው ድምፅ ነበር። እኔም እናቴ ከሆነ ከፍታ ቦታ ስትወድቅ ታየችኝ። ቀና ስል ቤቴ ቆሟል።

በእኔ ድስት፣ በጎመንና በአሳማ ስብ ቀቀለቻት። ረዥሙ መነኩሴ የዶሮዋን እግር ለሎምባርዳ አቀበላት። ሰው ሁሉ እያየ በላች፤ አጥንቱን ጋጠችው። «ጨው ያንሰዋል» አለች። መነኩሴው በሳቅ ፈነዳና ጸሐፊውን «አሮጊት ናት ብለህ ጻፍ፤ ሌላ የለም» አለው። አጭሩ አልበላም። በነጋታው ወደ ሌላ መንደር ሄዱ።

ከመንደራችን አንድ ሰው አልታሰረም፣ አንድ ቤት አልፈረሰም።

በሎምባርዳ ላይ ድንጋይ የወረወረ የለም። ሱፍ ማምጣት ግን ተዉ። እሳት ልትጭር ስትሄድ ጭሱ ከጣራቸው እየወጣ «ጠፍቶብናል» ይሏታል። መንጋርዳ ከምንጩ ስታገኛት «ልጄን ከሰማይ ጎትታ ያወረደች እጅ ይቺውላችሁ!» ትላለች። ሎምባርዳ እንስራዋን አስቀምጣ፣ ስድቡ እስኪያልቅ ቆማ ታዳምጣለች። አንድ ቀን ቪታል አልቻለም። «አንቺ ራስሽ ዛሬ በቤትሽ የምታድሪው በማን ነው?» አላት። «ልጅ የሌለበት ቤት ምን ያደርግልኛል!» አለችው። እሱም የሎምባርዳን እንስራ አንስቶ ወደ ቤት መጣ።

እሷ ሥጋ ደግማ አልቀመሰችም። አሁን ለማን ብላ ነው እል ነበር በሆዴ። ብዙውን ቀን በደረቅ ዳቦና በውኃ ትውላለች፤ ስትተኛ ያጽናናቻቸውን ሙታን አንድ በአንድ በስም ትጠራለች። ባቄላ ስንፈለፍል አንድ ጊዜ ጠየቅኋት።

«ለምን አደረግሽው፣ እትዬ?»

«ለሞቱት መለመን ይቻል ይሆናል ብዬ» አለች። «የእናንተ ቤት ከፈረሰ ግን ምን ብዬ እለምናለሁ?»

እኔም እናቴ የት ናት ብዬ አልጠየቅኋትም።

ስትታመም ቪታል ከተራራው ማዶ አንድ ደግ ሰው ፈልጎ አመጣላት፤ በዚያ ጊዜ እነሱም ጥቂት ቀርተው ነበር። ሰውዬው ዳግመኛ ሊያጽናናት ፈቀደ። «በፊት ግን በሠራሽው እንደምትጸጸቺ በአፍሽ ተናገሪ» አላት።

«ለዶሮዋ አዝናለሁ» አለች።

«ለእሷ ብቻ አይደለም። በማድረግሽ እንደምትጸጸቺ።»

ቪታል አጠገቧ ተንበርክኮ «እትዬ፣ በይው። ቃል ነው፤ በይውና ይለፍ» እያለ ይለምናታል።

«መዋሸት አልችልም፣ ልጄ» አለችው።

ሰውዬው መጽሐፉን በጨርቅ ጠቅልሎ ወጣ። በማግስቱ ሞተች፤ የማንም እጅ በራሷ ላይ አልነበረም፣ ከእኔ በቀር።

ከቀብሩ ስንመለስ መንጋርዳ ደጃችን ላይ ቆማ ነበር። አርጅታለች፤ በዱላ ነው የምትሄደው። ግቢ ብላት አልገባችም።

«መጨረሻ ላይ ስም ትጠራ ነበር ይላሉ።»

«ትጠራ ነበር።»

«የጋያርድንም?»

«የጋያርድንም። ከእናቴ ቀጥሎ።»

«ከእናትሽ ቀጥሎ?» አለች ዱላዋን መሬት ላይ ተክላ። «እናትሽ ዕድሜ ጠግባ የሞተች ሴት ናት። የእኔ ልጅ ነበር መቅደም ያለበት።»

የሎምባርዳ እንዝርት የተሰካበትን ግድግዳ በበሩ በኩል ስታይ ቆየች። ከዚያ ከነጠላዋ ሥር ገል አወጣች።

«እሳቴ ጠፍቶብኛል» አለች። «ልጫር።»

ከምድጃዬ ፍም አውጥቼ ሰጠኋት። ነፋሱ እንዳያጠፋባት በእጇ ከልላ፣ ቀስ እያለች ወደ ቤቷ ሄደች።