ሰማንያ ሁለት ኪሎ አሸዋ

ሰፈሩ በሙሉ ውሃልክ ይለዋል። እናቱ ያወጣችለትን ስም ከመታወቂያው ላይ ካልሆነ የትም አታገኙትም። ግንበኛ ግድግዳው መስተካከሉን የሚያይበት ውሃልክ የሚሉት ዕቃ አለ አይደል? የዚህ ሰው ዓይን ከዚያ አያንስም። ሥራው የመኪና ሞላ መቀየርና ጎማ ማስተካከል ነው። ከበሩ ላይ ቁጭ እንዳለ አንዱ መኪና ሲያልፍ «የኋላ ግራው ወርዷል» ይላል፤ እውነትም ወርዷል። ሰው ቤት ተጋብዞ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ፎቶ ትንሽ ከተንጋደደ የጎረሰው አይዋጥለትም፤ ተነስቶ ያቃናዋል። ባለቤቶቹ ይስቃሉ። እሱ አይስቅም፤ የምሩን ነዋ።

ጋራዡ ረጅምና ጠባብ ነው። መኪና ማንሻው መሃል ላይ ነው፤ የተፈቱ ሞላዎችና ቸርኬዎች ግድግዳው ላይ ተሰቅለዋል፤ ከወደ ጓሮው በር ደግሞ የአሸዋ ከረጢቶች ተደርድረዋል። የከረጢቶቹ ነገር እንዲህ ነው። ውሃልክ የማንንም መኪና ባዶውን አያስተካክልም። «መኪና የሚነዳው ሰው ነው እንጂ አየር አይደለም» ባይ ነው። የሾፌሩን ክብደት ያህል አሸዋ በሾፌሩ ወንበር ላይ ያስቀምጥና፣ መኪናው ልክ ሰው እንደያዘ ዝቅ ሲል ነው ሜትሩን የሚያወጣው። ቋሚ ደንበኞቹ እያንዳንዳቸው ኪሎው በቀለም የተጻፈበት የራሳቸው ከረጢት አላቸው። ከሁሉም የቆየው የጋሼ ነው፤ ሰማንያ ሁለት ይላል።

ጋሼ ታላቅ ወንድሙ ነው። አባታቸው ቶሎ ስለሞተ ያሳደገውም፣ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ያስገባውም እሱ ነው። ዕድሜ ልኩን ካርታ ሲነድፍ የኖረ ዝምተኛ ሰው ጡረታ በወጣ በዓመቱ ማንም ያልጠበቀውን አደረገ፤ አሮጌ የስፖርት መኪና ገዛ። ባለ ሁለት በር፣ ጥቁር አረንጓዴ፣ ከመሬት ብዙም ከፍ ያላለች፣ ኮፈኗ ከቀሪው አካሏ የሚረዝም። ከተሠራች አርባ ዓመት አልፏታል፤ ሞተሯ ግን ዛሬም ሦስት መቶ የፈረስ ጉልበት አለው። የጋሼ ሚስት እትዬ «ከእኔ ቀጥሎ ያበደው ለዚህች ነው» እያለች ትስቅበት ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ጋሼ መኪናዋን ይዞ ጋራዡ መጣ። ብርድ በሌለበት ቀን ወፍራም ካፖርት ለብሷል።

«ሞላዎቿ ደክመዋል መሰለኝ» አለ። «አዲስ ቀይርልኝ፣ ግን ለስለስ ያለ ይሁን። ጎማው እንዳለ ይቆይ። እትዬህን ይዤ ሐይቁ ድረስ ደርሼ መምጣት ነው የምፈልገው። ሌላ ምንም አላማረኝም።»

ውሃልክ ይህን ሲሰማ ግማሽ አካሉ መኪናዋ ሥር ገብቷል። «ጋሼ ሙት፣ ይሄን ሁሉ ጉልበት በእነዚህ ቀጫጭን ጎማዎች? ሯጭን እኮ በነጠላ ጫማ ማሰለፍ ነው!»

«እኔ ደግሞ የት ልደርስ ነው የምሮጠው?»

«አንተ ባትሮጥ እሷ ትሮጣለች። አሥራ ሰባት ቁጥር ቸርኬ፣ ሰፊ ጎማ፣ ከላዩ ጠንካራ ሞላ። መታጠፊያ ላይ መንገዱን ነክሳ ነው የምትይዘው። ለእኔ ተወው።»

«ይመቻል ግን?»

«ስትነዳት ታየዋለህ።»

ይህ መልስ አልነበረም። ጋሼ ግን «እንግዲህ አንተ ነህ የምታውቀው» አለና ቀስ እያለ በእግሩ ሄደ። ውሃልክ ቀና ብሎ አላየውም። የፊት ጎማውን እየለካ ነበር።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ መኪናዋን ለጋሼ አልነበረም የሚሠራት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ታክሲና ዳቦ ማመላለሻ ሲያቃና የኖረ ሰው ነው፤ እንዲህ ያለች መኪና እጁ ገብታ አታውቅም። ልቡ አበጠ። ቸርኬዎቹ ከውጭ እስኪመጡ ሁለት ወር ፈጀ። ሲመጡ ደግሞ ሰፊው ጎማ መሪ ሲዞር ጎማውን ከላይ ከሚሸፍነው ቆርቆሮ፣ ከፓራፋንጎው ጋር ተፋተገ። ውሃልክ የፓራፋንጎውን ጠርዝ ወደ ውስጥ አጠፈው፤ አልበቃም። እንዳትወርድና እንዳትነካ ብሎ ከመጀመሪያው የባሰ ጠንካራ ሞላ አዘዘ። ሰፊው ጎማ ጠንካራውን ሞላ ጠራ፤ ጠንካራው ሞላ ሌላ ሾክ አብሶርበር ጠራ። እንዲህ እንዲህ ሲል አራተኛው ወር ገባ።

ጋሼ በየሳምንቱ ይደውላል። «ደረሰች?» ይላል። «ትንሽ ቀራት» ይባላል። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ያው በድሮዎቹ ሞላዎች ብትመልሳትስ? እንዲሁም ጥሩ ነበረች እኮ» አለው።

ውሃልክ ደሙ ፈላ። «ሥራዬን ልታስተምረኝ ነው?»

በሕይወቱ ለጋሼ እንዲህ ብሎ መልሶ አያውቅም። ጋሼ ሳቀና «ኧረ ይቅርታ፣ አፌን ዘጋሁ» አለ። ከዚያ ወዲህ ስለ ሞላ አንድም ቃል አልወጣውም።

መኪናዋ ያለቀች ቀን ውሃልክ የሰማንያ ሁለቱን ከረጢት ወንበሩ ላይ አስቀምጦ ለካ። ግራና ቀኟ ፀጉር ያህል እንኳ አልተለያየም። ጋሼና እትዬ መጡ። ካፖርቱ አሁንም አለ፤ አንገቱ ላይ ሻርፕ ተጨምሯል። ከረጢቱ ወረደና ጋሼ ገብቶ ተቀመጠ። ውሃልክ ሥራውን ሊያደንቅ ከፊት ለፊት ቁጢጥ አለ፤ ግንባሩን ቋጠረ። የሾፌሩ ወገን ከፍ ብሏል። በሜትር ለካው፤ አራት ሚሊሜትር።

«ጋሼ፣ ተደላድለህ ተቀመጥ እንጂ! ምን ያንጠለጥልሃል?»

ጋሼ ተደላደለ። አራት ሚሊሜትር። «ውረድ እስቲ» አለው፤ ከረጢቱን መለሰው። ልክ ነው። ጋሼ ገባ፤ እንደገና አራት። እትዬ አፏን ከፈተች። ጋሼ አያት፤ ዘጋችው። ውሃልክ ይህን አይቷል፤ ሥራውን ልትነቅፍ መስሎት ቅር አለው።

«ሞላው አዲስ ስለሆነ ነው» አለ በመጨረሻ። «ስትነዳት ይወርዳል።»

ሐይቁ ሄዶ ለመመለስ አራት ሰዓት ይፈጃል። እነሱ በሃያ ደቂቃ ተመለሱ። ጋሼ በሩን ተደግፎ ወጣ፤ ፊቱ አመድ መስሏል። «እጅህ ይባረክ» አለው። «ቆንጆ ሆናለች። ዛሬ ትንሽ ደከመኝ፤ ሌላ ቀን እንሄዳለን። እስከዚያ አንተ ጋ ትቆይ።»

ሌላ ቀን የሚባለው አልመጣም። በአምስተኛው ሳምንት ጋሼ ሆስፒታል ገባ። ሕመሙ አጥንቱ ውስጥ እንደሆነ፣ የጀመረውም ካፖርቱን ለብሶ ከመጣበት ከዚያ ጠዋት በፊት እንደሆነ ውሃልክ የሰማው ያን ጊዜ ነው። ያ ጠንካራ ሞላ የጠጠሩን ሁሉ ምት በማን አጥንት ላይ እንዳሳረፈ ለመረዳት የማንም ማብራሪያ አላስፈለገውም። ይቅርታ ሊጠይቅ ሄዶ የተንጋደደውን ትራስ አቃንቶለት ብቻ አልጋው አጠገብ ተቀመጠ። ጋሼ «መኪናዋ ደህና ናት?» አለው። «ደህና ናት» አለ። በሳምንቱ አረፈ።

ሁለት ወር አልፎ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ እትዬ ጋራዡ መጣች። ሸራ የለበሰችውን መኪና ቆማ አየቻት።

«ሐይቁ ድረስ ውሰደኝ» አለችው። «ቃል ገብቶልኝ ነበር።»

ውሃልክ እጁን በጨርቅ ይጠርግ ጀመር፤ እጁ ግን ንጹሕ ነበር። «እትዬ፣ ለምን አልነገራችሁኝም?»

«አስምሎኝ ነው። ልነግረው ነው ባልኩ ቁጥር ‹ተይው› ይለኛል። ‹ከልጅነቱ ጀምሮ እንዲህ ሲደሰት አይቼው አላውቅም፤ ይጨርስ› ይለኛል።»

ውሃልክ «ነገ ከሰዓት እንሄዳለን» አላትና ግድግዳው ላይ ከተሰቀሉት መካከል የድሮዎቹን ሞላዎች አወረደ። ቀጫጭኖቹን ጎማዎችም አወጣ። ሰፊዎቹን ፈታ፣ ጠንካራውን ሁሉ አወለቀ፣ ለስላሳውን ገጠመ። በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ጨረሰ። አንድ ቀን! ጋሼ የለመነው ሥራ ጠቅላላ የአንድ ቀን ሥራ ነበር።

እትዬ በተባለችው ሰዓት ስትመጣ ከረጢቱን ከፊቱ አድርጎ አገኘችው። «መኪናዋን የወሰደ ዕለት ስንት ይመዝን ነበር?» አላት።

«በዚያው ጠዋት ሐኪም ቤት መዝነውታል። ሃምሳ አራት።»

ከረጢቱን ሚዛን ላይ አውጥቶ አፉን ፈታ። በጣሳ እየዘገነ መሬት ላይ ያፈስ ጀመር። ሰባ አምስት፣ ሰባ፣ ስድሳ። አሸዋው እየተከመረ ጫማውን ሸፈነው። ሃምሳ አራት ላይ ሲቆም ክምሩ ከቁርጭምጭሚቱ አልፏል። የሰው ቤት ፎቶ ሲንጋደድ መቀመጥ የማይሆንለት ሰው ክምሩን ቁልቁል አየው። ይህ ሁሉ ከወንድሙ ላይ ሲጎድል እሱ ጎማ ይለካ ነበር።

የቀረውን ከረጢት የሾፌሩ ወንበር ላይ አስቀመጠና ለካ፣ አስተካከለ።

«የምትነዳው አንተ አይደለህ እንዴ?» አለችው እትዬ።

«ነኝ» አለ። «ግን መኪናዋ የእሱ ናት።»

ከዚያ ከረጢቱን አውርዶ መሪውን ያዘ። መንገዱ እንደ ድሮው ነው፤ ግማሹ ተቦርቡሯል። እትዬ ከከተማው ሳይርቁ እንቅልፍ ወሰዳት። መኪናዋ ጉድጓድ ስትገባ ጎንበስ ትልና ቀስ ብላ ትነሳለች፤ እትዬ አንድ ጊዜም አልባነነችም። ውሃልክ ሐይቁ እስኪታይ ድረስ እያንዳንዱን ጉድጓድ ባለፈ ቁጥር በልቡ «ይቺ አታመውም ነበር» ይላል፤ ቀጥሎ ያለውንም ያልፍና «ይቺም አታመውም ነበር» ይላል።