የውሃ መክፈቻው ያለበት ግቢ

እታገኘሁ ወልደ ሚካኤል በሕይወቷ አጥብቃ የተመኘችው ከውስጥ የሚቀረቀር የራሷን የግቢ በር ነበር። ከሲሬ ወደ አሰላ መጥታ በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ከሆነች ጀምሮ የኖረችው በቀበሌ ቤት፣ ከብዙ አባወራ ጋር ግቢ ተጋርታ ነው። ምን እንደበላች፣ ማን እንደጠየቃት ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ በ1975 ዓ.ም. አቶ ገብረወልድ የተባሉ ጡረተኛ፣ ብርዱ ሪሃቸውን ቢቀሰቅስባቸው፣ ቤታቸውን ሸጠው ልጃቸው ዘንድ አቦምሳ ሊወርዱ መሆኑን ስትሰማ ማንም ሳይቀድማት ደረሰች።

ቤቱ የጭቃ ቢሆንም ቆርቆሮው ደህና ነበር፤ ከደጃፉ ሲቆሙ ጭላሎ ይታያል። አጥሩ ሥር ግን አንድ የብረት ክዳን አየች።

«ይህስ ምንድን ነው?»

«የሰፈሩ ውሃ መክፈቻ። ጠዋት ለላይኞቹ ቤቶች፣ ከሰዓት ለታችኞቹ ይዞራል። ባለተራው እየመጣ ያዞረዋል» አሏት። «ሳይነግሩኝ ሸጡልኝ እንዳትዪ፣ ልጄ። ቤቱ ያንቺ ነው፤ ክዳኑ የሰፈሩ ነው።»

እርሷ ዓይኗ በሩ ላይ ነበር። «መቀርቀሪያ አለው?»

ሽማግሌው ሳቁ። «መኖሩንስ አለው፤ ዝጎ መላወስ ካቆመ ቆየ እንጂ።»

እንደገባች አዲስ መቀርቀሪያ አስገጠመች። ማንም እንዳይደክም ብላ ውሃውን ራሷ፣ ሰዓቱን ጠብቃ ታዞር ጀመር። የታችኛው ቤት ጎረቤቷ ጠይባ በአጥር ላይ አሻግራ፣ «እትዬ፣ ውሃውንም በታይፕ መታሽው እንዴ?» እያለች ታሾፍባታለች። እታገኘሁ እንደ ምስጋና ቆጠረችው።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ውሃው ለላይኞቹ በተከፈተበት ሰዓት፣ ከጠይባ ቤት ለቅሶ ሰማች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ሮጣ ስትደርስ የጠይባ አማት አርፈዋል። ሴቶች ከላይኞቹ ቤቶች በእንስራ ውሃ ተሸክመው ቁልቁል ይወርዳሉ፤ አስከሬኑ ገና አልታጠበም። በዚያ ሰፈር ሞት ሲደርስ ተራ ይቀራል፤ ውሃው ሁሉ ወደ ለቅሶ ቤት ይዞራል። ይህን የማያውቅ ሰው ስላልነበረ ለእርሷ የነገራት አልነበረም።

«ለምን አልጠራችሁኝም?» አለች።

የጠይባ ባል ሀሰኖ አቀርቅሮ መለሰላት። «መጥተን ነበር፣ እትዬ። በሩ ተቀርቅሯል። ተኝታ ይሆናል፣ አንረብሻት አልን።»

ቢቆጣት ይሻላት ነበር። ሮጣ ተመለሰችና ክዳኑን አንስታ ውሃውን ወደ ታች አዞረችው። ከዚያች ቀን በኋላ ለዓመታት ያ በር ፀሐይ ሳትጠልቅ ተቀርቅሮ አያውቅም።

ያን ዘመን ኋላ ስታስታውሰው ደስ የሚላት ዘመን ሆነ። የላይኛውና የታችኛው ሰው ክዳኑ ዙሪያ ተገናኝቶ ይጨቃጨቃል፣ ይሳሳቃል፤ ያረገዘችው፣ የታመመው፣ ከዘመቻ ደብዳቤ የመጣለት የሚሰማው እዚያ ነው። ሀሰኖ ተራውን ሲጠብቅ ሳይጠየቅ አጥሯን ያጠባብቅላታል። እርሷም «ግቢዬን ገበያ አደረጋችሁት!» እያለች ትቆጣለች፤ ቁጣዋን ግን ማንም ከምር አይወስደውም።

በ1981 አዲስ ቧንቧ በመንገዱ ዳር ተዘረጋ። ለየቤቱ ቆጣሪ ገባ፤ በእርሷ ግቢ ከክዳኑ ሥር የነበረው የመክፈቻ ጉድጓድ በአፈር ተደፈነ። እታገኘሁ በመጨረሻ የተመኘችውን ግቢ አገኘች። በሩ ተዘጋ፤ የሚያንኳኳ ጠፋ። ጥቂት ቀን ታገሠችና አንድ ከሰዓት ወደ ጠይባ ቤት ወረደች።

«ውሃ መጣላችሁ?»

«መጥቷል፣ አልሐምዱሊላህ። አንቺ ጋስ?»

«እኔም ጋ መጥቷል።»

ጠይባ ከላይ እስከ ታች አየቻት። «ታዲያ ምን ልትሆኚ መጣሽ?»

«እንዲሁ ልጠይቅ ብዬ።»

«ግቢ እንጂ ታዲያ! ደጅ የሚያቆምሽ ማነው?»