በርሞንት፣ ከአፍንጮ በር ወዲያ

ልጅ ሳለሁ ሰው ድምፁን ሲሰጥ ጉሮሮው ባዶ የሚቀር ይመስለኝ ነበር። እንዲህ ብሎ ያሳመነኝ ማንም የለም፤ ቃሉ ራሱ ነው። ምርጫ ሲመጣ ትልልቆቹ «ድምፅ ሰጠሁ» ሲሉ እሰማለሁ፤ የተሰጠ ነገር ደግሞ ከሰጪው ጋር እንደማይቀር አውቃለሁ።

የምንኖረው እሪ በከንቱ ነበር። ከእኛ በአንድ የጭቃ ግድግዳ የሚለዩት ጎረቤታችን አባባ ሰይድ በወጣትነታቸው ከወሎ መጥተው አራዳ ላይ ያረጁ፣ ልብስ ሰፊ ናቸው። ቀን ፒያሳ አንድ በረንዳ ላይ ሲሰፉ ይውሉና አመሻሽ ላይ የሰፉትን ቤታቸው አምጥተው ይተኩሱታል። ያኔ መብራት ሲሻው ይመጣል፣ ሲሻው ይሄዳል፤ እሳቸው ግን ደንታ አልነበራቸውም፤ ካውያቸው የከሰል፣ ብርሃናቸው ፋኖስ ነው። በካውያው ጎን ባሉት ቀዳዳዎች ፍሙ እየቀላ፣ እርጥቡ ጨርቅ ሲነካው ሽው እያለ፣ የትኩስ ሱፍ ሽታ ከከሰሉ ጭስ ጋር ክፍሉን ሲሞላው፣ «ነይ እስቲ፣ አንቺ ራዲዮ» ይሉኛል። ወሬ ስለማበዛ ያወጡልኝ ስም ነው።

ከሁሉ አብልጬ የምወደው የበርሞንትን ተረት ነበር። በትክክል ስትጠራ ቨርሞንት እንደሆነች፣ አሜሪካ ውስጥ ያለች ትንሽ ግዛት መሆኗንም ያወቅኩት ኋላ ነው። ያኔ ከአፍንጮ በር ትንሽ ወዲያ ያለ ሌላ በር ነበር የሚመስለኝ። ተረቱን ያመጣችው ሚስ ሄለን የምትባል አሜሪካዊት አስተማሪ ናት፤ አባባ ሰይድ ጎረምሳ ሳሉ እዚሁ እኛ ግቢ ክፍል ተከራይታ ትኖር ነበር።

«በርሞንት» ይላሉ፣ የካውያውን አመድ እፍ እያሉ፣ «ተራራ ናት፣ እንደኛ ወሎ። ላም አላቸው፣ ብርድ አላቸው። ፕሬዚዳንት በሚመረጥ ጊዜ ታዲያ ግዛቷ ሁሌም የአንድ ፓርቲ ናት። አባት ለዚያው፣ ልጅ ለዚያው፣ የልጅ ልጅ ለዚያው። ከመቶ ዓመት በላይ፣ ወላሂ አንድ ጊዜ እንኳ ንቅንቅ አላለች።»

መቶ ዓመት ለእኔ ያኔ ዓለም ከተፈጠረ ወዲህ ማለት ነበር። ይህን ሁሉ ዘመን ሳይሰለች አንድ ነገር የሚል አገር ሳስበው እፈራም እገረምም ነበር፤ አፌን ከፍቼ ነው የማዳምጣቸው።

«የሚስ ሄለን አያት ግን ለሌላኛው ፓርቲ ነው የሚሰጠው» ብለው ይቀጥላሉ። «ገበሬ ነው። በየአራት ዓመቱ ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ በረዶውን እየረገጠ ይሄዳል፤ ይሰጣል፤ ይሸነፋል፤ ወደ ላሞቹ ይመለሳል። ጎረቤቶቹ ‹ምን ልትሆን ትሄዳለህ?› ሲሉት ‹እኔ ከቀረሁ፣ እዚህ ሌላ ሰው የለም ይባላል› ይላቸዋል።» እዚህ ሲደርሱ ሁልጊዜ ካውያውን አቁመው ወደ እኔ ያያሉ። «እንግዲህ የሱ ሰፈር ስሙ ማን ይሁን?»

«እሪ በከንቱ» እላለሁ።

«አወቅሽ» ይሉና ይስቃሉ።

መጨረሻውን ሲያወሩ ግን አይስቁም። ሚስ ሄለን እዚሁ ግቢ ሳለች፣ አንድ ምሽት ራዲዮኑ ያቺ ግዛት ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሌላኛው ፓርቲ መዞሯን ተናገረ። ጎረምሳው ሰይድ ሲወጡ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። ደስታ ነው ኀዘን ቢሏት፣ አያቷ የሞተው ባለፈው ዓመት እንደሆነ ነገረቻቸው።

«ያን ሁሉ ዘመን ሲሰጥ ድምፁ አላለቀበትም?» ብዬ ጠየቅኳቸው አንድ ማታ። ሳቁ፤ ሳቁም ወደ ሳል ተለወጠና አልቆም አለ። ከዚያ ወዲህ ድምፃቸው እየሻከረ ሄደ። ሐኪሙ ጉሮሯቸው ውስጥ የበቀለው ነገር ካልወጣ እንደሚገድላቸው፣ ከወጣ ደግሞ ድምፃቸው አብሮ እንደሚሄድ ነገራቸው። እናቴ ይህን ስትነግረኝ ግድግዳውን ተደግፌ አለቀስኩ። ሆስፒታል ሊገቡ ሲሉ አስጠሩኝ።

«አብሽሪ፣ ራዲዮ» አሉኝ በማይሰማ ድምፅ። «እኔም ልሰጥ ነው።»

ከዳኑ በኋላ ምሽቱ ዝም አለ። ካውያው ሽው ይላል፣ ፋኖሱ ይበራል፣ እሳቸው አንገታቸውን በሻሽ ጠምጥመው ይተኩሳሉ፤ እኔ እቀመጣለሁ። ተረት ከቤታችን ለዘላለም የወጣ መሰለኝ።

በዚያው ዓመት ምርጫ መጣ። አባባ ሰይድ ሙሉ ልብሳቸውን ዋዜማውን ተኩሰው አደሩ፤ እናቴም እጃቸውን ይዤ እንድሄድ አዘዘችኝ። ተሰልፈን፣ ተሰልፈን፣ ጠረጴዛው ጋ ስንደርስ ካርዳቸውን ዘረጉ። የምትመዘግበው ልጅ ቀና ሳትል «ስምዎን ይንገሩኝ፣ አባባ» አለች። አፋቸውን ከፈቱ፤ የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው። ደግማ ጠየቀች። ከኋላችን አንድ የሰፈር ልጅ፣ «ፋዘር፣ ድምፅ ሊሰጡ መጥተው ድምፅ ይሰስታሉ እንዴ?» ሲል ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ።

አባባ ሰይድ እጃቸውን ሻሹ ላይ አደረጉ። ካርዳቸውን አንስተው ወደ በሩ ዞሩ። የያዝኩት እጅ ሲጎትተኝ፣ እዚህ ሌላ ሰው የለም ሊባል ነው ብዬ ደነገጥኩ፤ እሪ ማለት ደግሞ አይከብደኝም ነበር።

«ሰይድ እንድሪስ ይባላሉ!» አልኩ። «ድምፃቸው እኔ ጋ ነው።»

መዝጋቢዋ ቀና ብላ ስማቸውን ፈለገች። ያ ልጅ ቆቡን አውልቆ «ይቅርታ፣ ፋዘር» አለ። አባባ ሰይድ ተመልሰው ፈረሙና ወደ መጋረጃው ብቻቸውን ገቡ። ለማን እንደሰጡ እስከ ዛሬ አላውቅም። ጣታቸው ላይ ቀለም ይዘው ሲወጡ ግን ከገቡት ይልቅ ረዝመው ነበር የታዩኝ።

የዚያን ዕለት ምሽት ፍሙን ካውያው ውስጥ ጨምረው እፍ አሉበት፤ ቀለም በነካው ጣታቸውም ወደ እኔ ጠቆሙ። መጀመሪያ አልገባኝም። ኋላ «በርሞንት» ብዬ ጀመርኩ። ስሳሳት ካውያውን ኳ ያደርጋሉ፤ እመለስና አስተካክላለሁ።

እሳቸው ካረፉ ቆይተዋል። እኔ ግን አሜሪካኖች ፕሬዚዳንት በመረጡ ቁጥር ስልኬን ከፍቼ ያቺን ትንሽ ግዛት እፈልጋለሁ። ለጥቂት ምርጫዎች ወደ ልማዷ ተመልሳ ከቆየች በኋላ፣ ወደ ሌላኛው ወገን ጠቅልላ ዞራ እዚያው ጸንታለች። ዛሬ በከንቱ እሪ የሚሉት ያኔ መቶ ዓመት ያሸነፉት ሰዎች የልጅ ልጆች ናቸው። ይህን ባየሁ ቁጥር ልክ እንደ ልጅነቴ አፌ ይከፈታል። እዚያ ተራራ ላይ ዛሬም ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ እንደሚሸነፍ እያወቀ በረዶውን እየረገጠ የሚሄድ አንድ ሽማግሌ አይጠፋም። ስሙን ሲጠይቁት፣ እሱ ቢያቅተው የሚመልስለት ሰው አብሮት ይኑር እላለሁ።