አሮጌው ስልክና የልጄ ፊት

ይህ ያጋጠመኝ ሱዳን፣ ዶካ ከተማ ሰው ቤት ምግብ እያበሰልኩ ስኖር፣ በአራተኛው ዓመት ነው። ብዙ ጊዜ ቢያልፍም ያንን ሰሞን አልረሳሁትም።

ልጄን ትርንጎን አዘዞ ከእህቴ ከይታይሽ ጋር ትቻት ስወጣ ገና የዓመት ከመንፈቅ ልጅ ነበረች። አሠሪዬ ሐጃ ዘይነብ አዲስ ስልክ ሲገዛላት የቀድሞውን ለእኔ ሰጠችኝ። በጊዜው ከሁሉ ይበልጣል የተባለለት ውድ ስልክ ነበር። ከዚያ ወዲህ ዓርብ ዓርብ ሥራ ስፈታ ልጄን በቪዲዮ አያታለሁ። አፏን ስትፈታ፣ ፊደል ስትቆጥር ያየኋት በዚያ ስልክ ነው።

አንድ ዓርብ ስደውል ስልኩ እምቢ አለ። የወጣውን ጽሑፍ ሐጃ አነበበችልኝ። የስልኩ ሶፍትዌር ስላረጀ የቪዲዮ መደወያው ከእንግዲህ አይሠራም፣ አፕዴት ይደረግ ይላል። አፕዴቱ ግን የለም። ፋብሪካው ለዚያ ዓይነት ስልክ መላክ ካቆመ ቆይቷል።

"መዓሌሽ፣ ያ ቢንቲ" አለችኝ። አይዞሽ ልጄ ማለቷ ነው።

ያለ ቪዲዮ በድምፅ ብቻ ደወልኩ። ይታይሽ ለልጄ አቀበለቻት። ትርንጎ ትንሽ አዳመጠችኝና፣ "ይቺ እማዬ አይደለችም። የእኔ እማዬ ትታያለች" ስትል ሰማኋት። ከዚያ በኋላ ስልክ ሲያቀብሏት ትሸሽ ጀመር።

ሐጃን አስፈቅጄ ቅዳሜ በአውቶቡስ ወደ ትልቁ ከተማ ወደ ገዳሪፍ ሄድኩ። ሁለት ስልክ ጠጋኞች፣ "ኸላስ፣ ይሄ አብቅቶለታል፤ ሌላ ግዢ" አሉኝ። ሌላ ለመግዛት አቅሙ አልነበረኝም።

ሦስተኛው ጸጋይ ይባላል። ስደተኞች ካምፕ ተወልዶ ያደገ ሰው ስለሆነ አማርኛው ከትግርኛና ከዐረብኛ የተቀየጠ ነው። ስልኩን አገላብጦ አየና፣ "እህተይ፣ እንዳትጥይው" አለኝ። "ፋብሪካው ለነዚህ ለቀድሞዎቹም አንድ አፕዴት ሊጨምር ነው ይባላል። እኛ ዘንድ መቼ እንደሚደርስ ግን አላውቅም። የዶካ ኔትወርክ ስለማይችለው በሳምንቱ ወደዚህ ተመለሺ።"

በሳምንቱ ተመለስኩ፤ አልደረሰም። በሌላውም ሳምንት አልደረሰም። ሐጃ ፈቃድ ስጠይቃት ማጉረምረም ጀመረች። በቀጣዩ ቅዳሜ ግን ጸጋይ ገና ከሩቅ ሲያየኝ እጁን ዘረጋ።

"መጥቷል፣ አምጪው" አለኝ።

ከጠዋት ጀምሮ ሱቁ ውስጥ ተቀምጬ ስልኩ ላይ የአፕዴቱ መስመር ቀስ እያለ ሲሞላ አየሁ። ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው መብራት ጠፋ፤ ኢንተርኔቱም ተቋረጠ። አፌን በሻሼ ጫፍ ያዝኩ። ጸጋይ የራሱን ስልክ አወጣና ኢንተርኔቱን ወደ እኔ ስልክ አዞረው። ደንበኛ በመጣ ቁጥር፣ "ቡክራ፣ ነገ" እያለ ይመልስ ነበር።

አፕዴቱ አልቆ ስልኩ ጠፍቶ እንደበራ እዚያው ደወልኩ። የትርንጎ ፊት ብቅ አለ። ሁለት የፊት ጥርሶቿ የሉም።

"ጥርስሽስ?" አልኳት።

"ወለቀ። ጣራ ላይ ወረወርነው። አንቺ የት ሄደሽ ነው?"

ላስረዳት ስጀምር አቋረጠችኝ። "አታውሪ፣ እማዬ። ዝም ብለሽ ታዪ።"

ዝም ብዬ ታየሁላት። ጸጋይ ፊቱን ወደ መደርደሪያው አዙሮ ቆየ።

ያ አፕዴት ስልኩን አንድ ዓመት ያህል አቆየው። እያየኋት ናፍቆቴ ይበርድልኛል ብዬ ነበር፤ እሱ ግን ባሰበት። ጥርሶቿ እንደገና ሲበቅሉ አየሁ፣ አንዱንም በጣቴ አልነካሁም። በመጨረሻ ሐጃን ተሰናብቼ በመተማ በኩል አገሬ ገባሁ።

አዘዞ ስደርስ ትርንጎ ደጅ ቆማ ነበር። ሮጣ አልመጣችም። ከራሴ ጀምራ ወደ ታች አየችኝና ዓይኗ እግሬ ላይ ቀረ። ለካ በስልክ ከደረቴ በታች አይታኝ አታውቅም።

"ረጅም ነሽ" አለችኝ።

ዛሬ በቁመት በልጣኛለች። ጸጋይ አሁን የት እንዳለ አላውቅም፤ ባለበት ሰላም ይሁን። እሱ ባይኖር ልጄ ፊቴን ረስታው ባገኘኋት ነበር። ደስተኛ ነኝ። ነገር ግን አንዳንድ ቀን አጠገቤ ተቀምጣ ስታጠና ሳያት፣ እሷው እዚያው እያለች፣ አቅፌ ያላሳደግኳት ያቺ ትንሿ ትርንጎ ትናፍቀኛለች።