በክዳኑ ላይ የነበረው ቁጥር

ከሚሊኒየሙ በኋላ ባሉት ዓመታት ሸዋሮቢት ውስጥ ሬዲዮና ኮምፒውተር እጠግን ነበር። ያስተማረኝ ሰው የለም፤ እየፈታሁ፣ እያበላሸሁ ነው የለመድኩት። አንድ መሥሪያ ቤት ከጣለው አሮጌ ኮምፒውተር ውስጥ አንድ ፕሮሰሰር፣ የማሽኑን አንጎል፣ አገኘሁ። ርዝመቱ ከመሐል ጣቴ ያነሰ፣ አካሉ ግራጫ ሴራሚክ፣ ክዳኑ ወርቅ ቅብ፣ በግራና በቀኝ ሃያ ሃያ እግር ያለው ነበር። ክዳኑ ላይ የሞዴሉና የተሠራበት ሳምንት ቁጥር በጥቁር ቀለም ታትሟል።

ኢንተርኔት ቤት ሄጄ ቁጥሩን ፈለግኩ። ለካ እንዲህ ያለውን የሚሰበስቡ ሰዎች አሉ። ዓይነቱ በየቦታው ሞልቷል፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከተሠራው የተረፈው ግን ጥቂት ስለሆነ ዋጋው ሌላ ነው። ውጭ አገር ላለ አንድ ሰብሳቢ ጻፍኩለት። በሦስተኛው ቀን መለሰልኝ።

«ቁጥሩ እንዳልከው ከሆነ ለዓመታት የፈለግኩት ነው። ፎቶ ላክልኝ። ያለህበት አገር ምን ይመስላል? ሌላስ ምን ፈታህ?»

ገንዘቡን ፈልጌው ነበር፤ አልዋሽም። ደጋግሜ ያነበብኩት ግን የመጨረሻውን ጥያቄ ነው። እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ደጄ ላይ ቆም የሚሉት አከራዬ ብቻ ነበሩ፤ ያን ቀንም ፕሮሰሰሩ ላይ አፍጥጬ አገኙኝ።

«ሴት ልጅ ላይ እንዲህ ብታፈጥ ይኼኔ ወልደህ ነበር!»

«ሊሸጥ ነው፣ እትዬ። ውጭ አገር ገዢ ተገኝቶለታል።»

«ይቺ ተባይ?»

በማግስቱ ካሜራ ልዋስ ፎቶ ቤት ሄድኩ። አከራዬ ሎሚ ነጋዴ ናቸው፤ ሎሚውን አንድ በአንድ በጨርቅ ሳይወለውሉ ገበያ አይወጡም። ስመለስ ፕሮሰሰሩ በእጃቸው ነበር።

«ና እየው! እንዲህ አድፎ ነው ለፈረንጅ የምትልከው? ልታዋርደን ነበር እኮ! በአመድና በሎሚ አሸሁልህ።»

ክዳኑ ያበራል። ቁጥሩ የለም። እግሮቹን እንኳ አንድ በአንድ አጽድተዋቸዋል፤ አንዱም አልተጣመመም።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ» አልኩ።

ፎቶውን ልኬ የሆነውን ሁሉ ጻፍኩ። ሰብሳቢ የሚገዛው የሚነበበውን ቁጥር እንደሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም ለጥያቄዎቹ መልስ ሰጠሁ፤ ስለ ሙቀቱ፣ ወደ ደሴ ስለሚያልፉት ከባድ መኪኖች፣ ስለ ሽንኩርት ማሳው፣ እስከዚያ ድረስ ስለፈታኋቸው ዕቃዎች በሙሉ። ከዚያ በፊት ይህን ያህል ረጅም ደብዳቤ ጽፌ አላውቅም። አንድ ወር ኢንተርኔት ቤት ተመላለስኩ፤ መልስ አልመጣም።

«ተሸጠ?» አሉኝ አከራዬ አንድ ቀን ከገበያ ሲገቡ።

«ተሸጠ፣ እትዬ። ጽዳቱን ወደውታል።»

«አላልኩህም!» ብለው ለጎረቤት ሊያወሩ ወጡ።

የተሸጠ ዕቃ ጠረጴዛ ላይ አይታይም። ስለዚህ በጥጥ ጠቅልዬ መሳቢያ ውስጥ አኖርኩት፤ ማየት ሲያምረኝ ክፍሌን እዘጋለሁ። ደጄን ዝግ ሲያገኙት አከራዬም ቆም ማለቱን ተዉት።