የጡብ ፋብሪካው በረኛ

ሰውየውን ሁሉም «በረኛው» ይሉታል። በሥራ ቀን የጡብ ፋብሪካው በር ላይ ቆሞ ገቢና ወጪውን የሚፈትሸው እሱ ነበር፤ ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ የፋብሪካው ቡድን ግብ ላይ የሚቆመው ያው እሱ ነበር። ጠሪው የትኛውን በር አስቦ እንደሚጠራው የሚያውቅ አልነበረም፤ እሱም ጠይቆ አያውቅም። ሚስቱ ብቻ ስትናደድ፣ «የሰው በር ስትጠብቅ የራስህ ቤት በር እንደተበረገደ ይኖራል» ትለዋለች። ይስቅና ሄዶ በሩን ይዘጋል።

የአካባቢው ሊግ ሲቋቋም ገና ጎረምሳ ነበር። መጀመሪያ የጡብ ፋብሪካና የዘይት መጭመቂያ ሠራተኞች በምሳ ሰዓት ይጋጠሙ ነበር። ይህን ያዩት የወፍጮ ቤት ሰዎች «እኛስ ምን አጠፋን?» አሉ። ከዚያ መምህራን መጡ፣ ከዚያ ሆስፒታል፣ ከዚያ ጋራዥ፣ ከዚያ ገበያ ሰፈር፤ መጨረሻ ላይ ወንዝ ማዶ ተጨመረና ስምንት ክለብ ሞላ። ሁሉም የየራሱ ጠባይ ነበረው። ወፍጮዎች ዱቄታቸውን ሳያራግፉ ስለሚመጡ ሲሮጡ ኋላቸው ይጨሳል። የዘይቶችን አጥቂ ማንም አይይዘውም፤ «ያዳልጣል» ይባል ነበር። መምህራን ዳኛው ቢጫ ሲያሳያቸው ምክንያቱን እንዲያስረዳቸው ይጠይቃሉ፤ ማስረዳቱም ጨዋታው እስኪያልቅ ይቆያል። ሆስፒታሎች ሰው ጠልፈው ይጥሉና ራሳቸው ያክሙታል። ወንዝ ማዶዎች ግን ቀልድ አያውቁም። እዚያ ሄዶ ነጥብ ይዞ የተመለሰ ቡድን ሳምንቱን ሙሉ ሲያወራው ይከርማል።

ጡብ ፋብሪካ ዋንጫ የበላው ሁለቴ ነው። ሁለቱንም ጊዜ ግቡ ላይ የቆመው በረኛው ነበር። በሁለተኛው ዋንጫ የወንዝ ማዶው አጥቂ፣ ረጅሙ፣ በመጨረሻ ሰዓት የመታውን ቅጣት ምት በጣቱ ጫፍ አውጥቶበታል። ጣቱ እስከ ዛሬ ጠማማ ነው። ረጅሙ ኋላ የወንዝ ማዶ አሰልጣኝ ሆነ፤ በተገናኙ ቁጥር ያቺን ጣት ጨብጦ፣ «የኔ ጎል እዚህ ውስጥ ነው ያለችው» ይለዋል።

ከዚያ ፋብሪካው ተዘጋ። ምድጃው ቀዘቀዘ፣ ግቢውን ሣር ዋጠው፣ ሠራተኛው እንጀራ ፍለጋ በየፊናው ተበተነ። ክለቡ ግን በስሙ ቀረ። በረኛው ዕድሜው ገፍቶ ጓንቱን ከሰቀለ ቆይቷል፤ አሁን የቡድን መሪ ነው፣ አሰልጣኝ ነው፣ ማሊያ አጣቢም ነው። በየዓመቱ ተጫዋች ሲያስመዘግብ ለራሱም ቴሴራ ያወጣል። ሲጠይቁት፣ «የተጫዋችነት መታወቂያዬ ካላደሰኝ ማን ያድሰኛል?» ብሎ ያልፋል። እውነቱን ለመናገር ግን የሚያስወጣው ፍርሃት ነበር። አንድ ቀን ሰው ይጎድላል ብሎ ይሰጋል።

የሚሰጋው ሌላም ነገር ነበረው፤ ልጁ። አንድያ ልጁ የቡድኑ አጥቂ ነበር፤ ኳስ አየር ላይ ስትሆን ከሱ ቀድሞ የሚደርስባት አልነበረም። አንድ ዓመት ውድድሩ እንደተጀመረ ከጋራዥ ጋር ሲጫወቱ ከተከላካዩ ጋር እኩል ዘለለና ጭንቅላት ለጭንቅላት ተጋጩ። ተከላካዩ ግንባሩን ይዞ ተነሣ። ልጁ አልተነሣም። እናቱ ሆስፒታል ውስጥ ልብስ አጣቢ ናት፤ የታጠበ አንሶላ ታቅፋ በኮሪደሩ ስታልፍ በቃሬዛ የተኛ ቀይ ማሊያ አየች። መጀመሪያ ያወቀችው ማሊያውን ነው፤ የሰፋችው እሷ ናት። ፊቱን ያየችው ከዚያ በኋላ ነው።

ልጁ ነቃ፣ ዳነ፣ ወደ ሥራው ተመለሰ። ሐኪሙ ግን፣ «ሁለተኛ ምት እንዳያገኘው። ሁለተኛው እንደ መጀመሪያው አይሆንም» አለ። እናትየው ባሏን ከቤቱ ጀርባ ጠርታ፣ «ስማኝ፤ ይህ ልጅ ሜዳ ከገባ እኔን ቤት ውስጥ አታገኘኝም» አለችው። አላለቀሰችም፣ ድምጿንም አልጨመረችም። እሱም ቃሉን ሰጣት። ከዚያ ወዲህ ልጁን በስርቆት ማየት ልማዱ ሆነ። ሲያነብ ዓይኑን ያጠባል? ከወንበር ሲነሣ ግድግዳ ይይዛል? አንዳንዴ ግንባሩን ሲያሽ ያየዋል። «አመመህ?» ሲለው፣ «አባዬ፣ ግንባሬን አሳከከኝ፤ ሰው ግንባሩን አያክም?» ይለዋል።

በዚያው ዓመት ነገሩ ሁሉ አንድ ላይ መጣ። ከዘይት ጋር በነበረው ጨዋታ አምስት ሰው ብቻ ተገኘና ፎርፌ ተሰጠባቸው። የሊጉ ደንብ ግልጽ ነው፦ በአንድ የውድድር ዓመት ሁለት ጊዜ ፎርፌ የተሰጠበት ክለብ ከሊጉ ይሰረዛል። ሰባት ሰው ካልተሟላ ደግሞ ጨዋታ አይጀመርም፤ ተጀምሮም ከሰባት ከወረደ ይቋረጥና ፎርፌ ይሆናል። የቀራቸው አንድ ጨዋታ ነበር። ያውም ከወንዝ ማዶ ጋር፣ ያውም በወንዝ ማዶ ሜዳ።

የጨዋታው ዕለት ጠዋት በተዘጋው ፋብሪካ በር ላይ ቆሞ ተጫዋቾቹን ጠበቀ። ሚኒባሱ መጥቷል፤ ሾፌሩ ጥርሱን እየፋቀ ሰዓቱን ያያል። መጀመሪያ የመጣው ዳቦ ጋጋሪው ነው፤ ሰፊ ተከላካይ ነውና «ግንቡ» ይሉታል። ቀጥሎ ፀጉር አስተካካዩ፣ ቀጥሎ ሁለት ግንበኞች መጡ። ከዚያ መንገዱ ጭር አለ። በረኛው ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ከወዲያ ወዲህ ይመላለሳል። አንዱ፣ «ጋሼ፣ አለቃዬ አልለቀቀኝም» አለው። ሌላው፣ «እየመጣሁ ነው» አለ፤ ከጀርባው ግን የሕፃን ለቅሶና የድስት ድምፅ ይሰማል። ሌላው ጭራሽ አያነሣም። ከመንገዱ ጫፍ ሰው ብቅ ባለ ቁጥር ልቡ ድንግጥ ይላል፤ ሰውየው ሲቀርብ ሌላ ይሆናል።

«ጋሼ፣ ተቀመጥ እንጂ፤ እኛንም አዞርከን» አለው ግንቡ።

በመጨረሻ ሁለት ወንድማማቾች እየሮጡ ደረሱ። ስድስት ሆኑ። ልጁም የውኃ ጀሪካንና የማሊያ ከረጢት ተሸክሞ መጣ። እናቱ የለቀቀችው በልመና ነው፤ «ውኃ ብቻ!» ብላ። ከረጢቱን ስታስር በረኛው አይቷታል፤ የልጁን ታኬታ አውጥታ አልጋ ሥር ወርውራዋለች።

«ስድስት ነን፤ ምን ይሻላል?» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

ሁሉም ልጁን አዩት፤ ወዲያው ደግሞ ዓይናቸውን መሬት ላይ ጣሉ።

«ሰባተኛው እኔ ነኝ» አለ በረኛው። «ቴሴራ አለኝ፣ ጓንት አለኝ። ጉልበት ደግሞ መንገድ ላይ እንፈልጋለን።»

ሳቁ። እሱ አልሳቀም።

የወንዝ ማዶ ሜዳ ከድልድዩ ቁልቁል ነው፤ አንዱ ግብ ወደ ውኃው ያያል። ረጅሙ አሰልጣኝ ሮጦ መጣና እንደ ልማዱ ጣቱን ጨበጠው። ከዚያ የለበሰውን አየ።

«አንተ ሰው! ልትጫወት ነው እንዴ?»

«ተው እባክህ፣ ላስቅህ ብዬ ነው» አለው በረኛው፤ ከንፈሩ ግን ደርቆ ነበር።

ዳኛው ሰባቱን በጣቱ ቆጠራቸውና ፊሽካውን ነፋ።

አሥራ አንድ ሰው በሰባት ላይ ሲመጣ ኳስ ጨዋታ አይደለም፤ ጎርፍ ነው። በረኛው አንዱን ያዘ፣ ሌላው ገባበት። አንዱን በእግሩ መለሰ፣ ሌላው በላዩ ላይ አለፈ። ጉልበቱ ይንቋቋል፣ ወገቡ አልታጠፍ ይላል። የገባው ግብ ቢበዛም አላሳሰበውም። ያሳሰበው ሰዎቹ ናቸው። አንዱ ወድቆ ሲነሣ በዘገየ ቁጥር ትንፋሹ ይቆማል። «ተነሣ የኔ ልጅ፣ ተነሣ» ይላል ከሩቅ፣ ማንም ሳይሰማው። ዕረፍት ደረሰ፤ ሰባት ናቸው። ልጁ ውኃ እያደለ ወደሱ ሲመጣ ፊቱን ለማየት ቀና አለ። ልጁ ዓይኑን አሸሸ።

ከዕረፍት በኋላ ፀሐዩ ከረረ። ወንዝ ማዶዎችም አዝነው ይሁን ደክሟቸው ኳሷን ከመምታት ይልቅ ማንሸራሸር ያዙ። በረኛው ለመጀመሪያ ጊዜ «ልንጨርሰው ነው» ብሎ አሰበ። ግንቡ አንዲት ተራ ኳስ ለማውጣት እግሩን ሰነዘረ፤ ቁርጭምጭሚቱ ታጠፈና ተቀመጠ። ሊነሣ ሞከረ። በአንድ እግሩ ዘለለ፣ እንደገና ተቀመጠ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ» አለ። የዳቦ ጋጋሪው ትልቅ ፊት እንደ ሕፃን ተጨማደደ። «እንቢ አለኝ።»

ተሸክመው አወጡት። ዳኛው ሰዓቱን አየ፤ ስድስቱን አየ። በዚህ ጊዜ ልጁ ጀሪካኑን አስቀመጠ። ሸሚዙን ሲያወልቅ ከሥር ቀዩ ማሊያ ወጣ። ቤት ሆኖ ለብሶት ነው የመጣው። የግንቡን ታኬታ ፈትቶ ለራሱ ማሰር ጀመረ፤ ሰፍቶታል፣ አጥብቆ ያስረዋል።

በረኛው ግቡን ጥሎ መጣ።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«አባዬ፣ ትንሽ ደቂቃ ናት የቀረችው። ቆሜ ብቻ እውላለሁ፤ ኳስ አልነካም።»

«አንተ? ኳስ መጥታ አትነካ?»

ዳኛው ጠጋ አለ። «ጋሼ፣ ልጁ ቴሴራ አለው፤ በተጠባባቂነትም ራሱን አስመዝግቧል። ይግባ ካልክ ይገባል። አይገባም ካልክ እነፋለሁ። ምን ላድርግልህ?»

ረጅሙ አሰልጣኝም መጣ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ወንድሜ፣ አስገባው። ልጆቼ አይጠጉትም፤ በራሴ ይሁን። እንዲህ ሆናችሁ እንድትወጡ አልፈልግም» አለው።

ሁሉም ቀና ሰው ነው፤ ክፉ ቢሆኑ ይቀለው ነበር። በረኛው ቡድኑን አየ፤ ማሊያቸው ከጀርባቸው ላይ ተጣብቆ፣ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ሆኖ፣ ሁሉም እሱን ይጠብቃሉ። «እሺ» ቢል ያልቃል። ትንሽ ደቂቃ ናት። አፉን ሊከፍት ሲል ልጁ ክሩን አስሮ ቀና አለ፤ ቀና ሲልም በእጁ መሬቱን ያዝ አደረገ። ለአንድ አፍታ ብቻ። ከዚያ ቆሞ ፈገግ አለ።

መሬቱን የያዘው ዞሮበት ነው? ወይስ ታኬታው ስለሰፋው ነው? በረኛው ይህን ጥያቄ ዕድሜ ልኩን ሲጠይቅ ኖረ።

«አይገባም» አለ።

«አባዬ! ደህና ነኝ እኮ!»

«ደህና ያልሆንኩት እኔ ነኝ።» ወደ ዳኛው ዞረ። «ንፋው።»

ዳኛው ነፋ። የወንዝ ማዶ ልጆች አንድ በአንድ እየመጡ ጨበጧቸው፤ እንደ ለቅሶ ቤት ነበር። ረጅሙ ጣቱን አልጨበጠም፤ ትከሻውን ይዞት ብቻ ቆመ።

በሚኒባሱ ውስጥ ልጁ ኋላ ተቀመጠ፤ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ነበር። ግንቡ ያበጠ እግሩን ወንበር ላይ ሰቅሎ፣ «ከሊግ የተሰረዝነው በኔ ቁርጭምጭሚት ነው፤ ልጆቼ ምን ይሉኛል?» ብሎ ሊያስቃቸው ሞከረ። የሳቀለት ሾፌሩ ብቻ ነው።

ሚስትየው ደጃፍ ላይ ቆማ ነበር። መጀመሪያ ያየችው የልጁን ማሊያ ነው፤ ቀይ፣ ደረቅ፣ አንድ የጭቃ ነጥብ የሌለበት። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ቀስ ብላ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ልጁ አልፏት ገባና የክፍሉን በር በኃይል ዘጋው።

«ወጣን» አላት ባሏ።

«ከየት?»

«ከሊጉ።»

አየችው። ጭቃ በጭቃ ሆኗል፤ ክርኑ ተልጧል፣ አንድ ጉልበቱ እንደ ድንች አብጧል። «ጫማህን እዚያው አውልቅ፣ ቤቱን አጥቤዋለሁ» አለችው። ከዚያ ተነሥታ ራሷ አወለቀችለት።

ልጁ ለብዙ ሳምንታት አባቱን በሙሉ ዓረፍተ ነገር አላናገረውም። «እሺ»፣ «አይ»፣ «በልቻለሁ»። አባትየው ዝምታውን ቻለው፤ ያልቻለው ልጁ ሥራ ቆይቶ ሲመጣ ነው። የት ሄደ? ከማን ጋር ኳስ ይጫወታል? ሌላ ክለብ ቢያስፈርመውስ? አንድ ቀን ጠየቀው፦ «ያን ዕለት መሬቱን የያዝከው… ዞሮብህ ነበር?»

«ደህና ነበርኩ» አለ ልጁ።

አዲሱ ውድድር በሰባት ክለብ ተጀመረ። ቁጥሩ ጎዶሎ ስለሆነ በየሳምንቱ አንዱ ክለብ ያርፋል። በረኛው ቅዳሜ ከሰዓት ሲሆን ቤቱ ይጠበው ጀመር፤ ያልተበላሸ ቧንቧ ሲፈታ ሚስቱ ያዘችው። በዚህ መሐል ረጅሙ እቤት ድረስ መጣና፣ «ሁለት በረኛ አሉኝ፤ ሁለቱም ኳስ ሲመጣ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። መጥተህ ግለጥልኝ» አለው። በረኛው «ላስብበት» አለ። ሚስቱ ከጓዳ ሆና፣ «አስቦበታል፤ ነገ ይመጣል» አለች።

ድልድዩን ሲሻገር እግሩ ከበደው። ተድራ ወደ ባዕድ ቤት የምትገባ ሙሽራ የሆነ መሰለው። ግን ሄደ፤ በየሳምንቱም ይሄድ ጀመር። አንድ ቀን ግብ ላይ ቆሞ አወዳደቅ ሲያሳይ ልጁ ከሜዳው ዳር ቆሞ አየው። መቼ እንደመጣ አላወቀም። ልጁ ሳይጠራ ገባ፣ ኳሶቹን ደርድሮ በእግሩ ይመታላቸው ጀመር። አባትየውን ቀና ብሎ አላየውም፤ ያቀበለው ኳስ ግን ለስለስ ያለ ነበር።

የበረኛው ልብ እንደ ድሮው መምታት ጀመረ። አንደኛው ወጣት በረኛ ኳሷን በጡጫው ሲያወጣት ወደ ላይ ከፍ ብላ ወደ ልጁ በኩል መውረድ ያዘች። ልጁ ቀና ብሎ ጠበቃት። በረኛው ግቡን ረስቶ ሁለት እርምጃ ሄደ። ልጁ በግንባሩ ሊመታት ሳይዘል ወደ ኋላ ፈቀቅ አለ፤ መሬት ነጥራ እስክትመለስ ጠበቃት። ከዚያ በውስጥ እግሩ ወደ ባዶው ግብ ገፋት።

«ጎል!» ብለው ወጣቶቹ ግቡን ጥሎ በወጣው አስተማሪያቸው ሳቁ።

በረኛው ኳሷን ከመረቡ ለማውጣት ጎንበስ አለ፤ ቀና ሲልም መሬት ለመሬት አንከባሎ ለልጁ መለሰለት።